ጥያቄ አለኝ፦ ባለሆቴሉ ደጋግሞ ያባርረኛል

ባለፈው እትም አንድ ደንበኛ የጥገና ሂሳቡን በብር ፈንታ በአሮጌ የእጅ ጌም እንደከፈለኝ ጽፌ ነበር። ዕቃው ኔንቲንዶ ዲኤስ ላይት ነው። ውስጡ የነበረው ካሴት «ሆቴል ደስክ፦ ክፍል 215» የሚባል የመርማሪ ታሪክ ነው። (ደስክ ሲባል የተማሪ ዴስክ እንዳይመስላችሁ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ማለት ነው።)

እንደ ቀልድ ነበር የጻፍኩት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለችው ሱቄ ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣች። ደብዳቤው ሌላ፣ በአካል የሚመጣው ሌላ። ይሄን ዕቃ ስንት ሰው መሳቢያ ውስጥ ከቶ እንደተቀመጠ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የዛሬው ገጽ በሙሉ ለእሱ ነው። የፍሪጅና የዲሽ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ታገሱኝ።

«ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የባለቤቴ እህት ከጣሊያን ስትመጣ ለልጄ ያገለገለ ኔንቲንዶ ይዛለት መጣች። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ሁለት ቀን ነካክቶ ‹ይሄ ደግሞ ምን ጌም ነው፣ ሰው ዝም ብሎ ያወራል› ብሎ ጣለው። እኔ ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጀመርኩት። አልሸሽግዎትም፣ ሱስ ሆኖብኛል። ግን ባለሆቴሉ ሰውዬ አራት ጊዜ አባረረኝ። ምን አጥፍቼ ነው? እንግሊዝኛውም ያደክመኛል። ደግሞስ በእኔ ዕድሜ ነውር አይደለም ወይ?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ነውር የለበትም። እኔ 46 ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬም ሸሽቷል። ባለፈው ክረምት ግን ባለቤቴ «ከዚያ ሆቴል የምትወጣው መቼ ነው?» ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ ተጫውቼዋለሁ። ደግሞ ይሄ ጌም ከመጀመሪያውም ለልጅ የታሰበ አይመስለኝም። ዋናው ሰውዬ ራሱ ጢሙን በቅጡ ያልተላጨ፣ ሥራው የሰለቸው ጎልማሳ ነው። ልጅዎ ቢተወው አልፈርድበትም። አምስት ዓመት ይቆይና ይመለስበታል።

ታሪኩን ለማያውቁት ባጭሩ ልናገር። ካይል ሃይድ የኒውዮርክ ፖሊስ መርማሪ ነበር። ብራድሊ የሚባል የሥራ ባልደረባው ከዳው። ካይል ተኮሰበት። ሰውዬው ወንዝ ውስጥ ወደቀ፣ ሬሳው ግን አልተገኘም። ካይል ፖሊስነቱን ተወና ዕቃ አዟሪ ሻጭ ሆነ። በሽያጩ ሰበብ እየዞረ ጓደኛውን ሦስት ዓመት ፈለገው። አንድ ምሽት በምዕራብ አሜሪካ መንገድ ዳር ያለ ያረጀ ሆቴል ይደርሳል። ክፍል 215 ይሰጡታል። የተመኙትን ትፈጽማለች የምትባል ክፍል ናት። ባለሆቴሉ ስሙን ሲሰማ ግራ ይጋባል። ለካ ከስድስት ወር በፊት በዚሁ ስም ሌላ ሰው አርፎ ኖሯል። እኔ እዚህ ላይ ተያዝኩ።

ቀኑ ዲሴምበር 28፣ 1979 ነው። ወደ እኛ ቀየርኩት። ታኅሣሥ 18 ቀን 1972 ዓ.ም. ይሆናል። የገብርኤል ዋዜማ! እዚህ ሰው ወደ ቁልቢ ሲጎርፍ፣ እዚያ ካይል ሻንጣውን ይዞ ሆቴል ይገባል። ታሪኩ እዚያች አንዲት ሌሊት ውስጥ ነው የሚያልቀው። ቀኑን ማወቅ ለጌሙ ምንም አይፈይድም፣ እኔን ግን ደስ አለኝ።

የሠራው ሲንግ የሚባል የጃፓን ትንሽ ድርጅት ነው፣ ፉኩኦካ ከተማ የነበረ። ኔንቲንዶ በ2007 እ.ኤ.አ. አወጣው። ማሽኑ እንደ መጽሐፍ በቁም ተገልጦ ይያዛል። አንዱ ስክሪን ላይ የሆቴሉ ካርታ ነው፣ ሌላው ላይ ካይል የሚያየው። ግራኝ ከሆኑ መጀመሪያውኑ ግራኝ ነኝ ብለው ይመርጣሉ። ሰዎቹ በእርሳስ የተነደፉ ይመስላሉ። የሚናገሩት ሁሉ በጽሑፍ ነው። ግን ሲሸማቀቁ፣ አንገታቸውን ሲያኩ፣ ፊታቸውን ሲያዞሩ ቁርጥ የሰው ልጅ ናቸው። ምክንያቱም ስዕሉ የተሠራው የእውነተኛ ሰው እንቅስቃሴ ተቀርጾ በዚያ ላይ ነው። ይሄን የምነግርዎት ለጌጥ አይደለም። ከመባረር የሚያድንዎት እሱ ነው።

ወደ መባረሩ እንምጣ። ይሄ ጌም ውስጥ እርስዎን የሚገድል የለም። የሚሸነፉት ሰው ሲያስቀይሙ ነው። ባለሆቴሉን፣ ደኒንግ ስሚዝን፣ የኮንዶሚኒየም አከራይ አድርገው ይዩት። ኮዬ ከሆኑ የአከራይን ጠባይ ለእርስዎ አላስተምርም። ያልተፈቀደ ክፍል ገብተው ሲነካኩ ከያዘዎት፣ ዕቃዎን ይዘው ውጡ ነው። ሌላ እንግዳን በማይሆን ጥያቄ ካስከፉት፣ ወሬው እሱ ጋ ይደርሳል፣ አሁንም ውጡ ነው። አራት ጊዜ መባረር ብዙ አይደለም። እኔ ሰባት ደርሻለሁ። አንዱን ጊዜ ጥፋቴ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዘዴው ምን መሰለዎት? የእኔን ሥራ ላንሳልዎት። ሰው ስልክ ይዞ ይመጣል። «ምን ሆኖ ነው?» እላለሁ። «ዝም ብሎ ጠፋ።» «ውሃ ነክቶታል?» «ኧረ በፍጹም!» እከፍተዋለሁ። ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል። ድሮ ወጣት ሳለሁ «ውሸትህን ነው፣ ይኸው ውሃ ገብቶታል» እል ነበር። ሰውዬው ይቀየማል፣ ስልኩን ይዞ ይሄዳል፣ ደንበኛ አጣሁ ማለት ነው። አሁን «ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል፣ ጣራው አያፈስም?» ብዬ እጀምራለሁ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ «እውነት ለመናገር ልጁ ባልዲ ውስጥ ከትቶት ነበር» ይለኛል። ባልዲ መሆኑን ሳውቅ ደግሞ ሳሙና ነበረበት ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የሳሙና ውሃና ንጹህ ውሃ ጥገናው አንድ አይደለም።

ሆቴል ደስክም እንደዚሁ ነው። ሰው ሲያዋሩ ማንሳት የሚችሉት ጥያቄ ይመጣልዎታል። አንዳንዴ ከሁለት አንዱን ይምረጡ ይልዎታል። አንዱ ለስላሳ ነው፣ አንዱ እንደ ፖሊስ የሚያፋጥጥ። ሁልጊዜ ለስላሳውን ይምረጡ ልልዎት ነበር፣ ግን እሱም አይሠራም። ሉዊ የሚባለው የሆቴሉ ተላላኪ ለምሳሌ ድሮ ኒውዮርክ ውስጥ ኪስ አውላቂ ነበር፣ ካይልንም ያውቀዋል። እሱን ብዙ ካቆላመጡት ይቀልድብዎታል። ፊታቸውን ይዩ። ዓይኑን የሰበረን ሰው አይግፉት። ፊት ለፊት የሚያይዎትን ጠንከር ይበሉበት። ወሬ ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ ሴቭ ያድርጉ። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሁሉም ሰው ይረሳል።

እንግሊዝኛውን አይፍሩት። ጽሑፉ ጥሎዎት አይሄድም። እስኪነኩት ድረስ ይጠብቃል። እኔ አጠገቤ የልጄን መዝገበ ቃላት አስቀምጬ ነበር። በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ ካይል የሆነውን ነገር ለራሱ ያስታውስና ጥያቄ ይመጣል፣ ምርጫ አለው። ምዕራፎቹ 10 ናቸው። ያኔ ማትሪክ ላይ ይሰጠን የነበረው ፓሴጅ አንብቦ መልስ ነው፣ ሌላ አይደለም። ማትሪክ ላይ እንዲህ ዓይነት ፓሴጅ ቢሰጡን የእኔም ውጤት ሌላ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፣ እርስዎ ካላገኙት ይቆጨኛል። ጌሙ ውስጥ ማስታወሻ ደብተር አለ። ስክሪኑን በምንነካባት ብዕር፣ በራስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው የሚጻፍበት፣ ኪቦርድ የለውም። ስለዚህ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል! እኔ «ሉዊ ቁልፉን ዓይቷል፣ አልተናገረም» ብዬ ጽፌ ገጹን ስገልጥ ያው ፊደሌ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። አሜሪካ ያለ ሆቴል፣ ጃፓን የተሠራ ጌም፣ የእኔ የተንጋደደ «ቁ»። ለማንም ለማሳየት ሱቅ ውስጥ ሰው አልነበረም። ለጥበቃው አሳየሁት። «ታዲያ ምን ይሁን?» አለኝ።

ጉድለቱንም ላንሳ። ልጅዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። መሃሉ ላይ ጌሙ ይንዛዛል። ኮሪደሩን ላይ ታች ማለት አለ። የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለብዎት ሳይነገርዎት ግማሽ ሰዓት ይዞራሉ። የሰማሁትን ነገር ካይል ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግመው እኔ ስልክ መጠገን ጀምሬ አውቃለሁ። መጠጥ ቤትም አለው፣ ስለ መጠጥና ስለ ወንጀል ይወራል። ለትንንሾቹ ልጆች አይስጡት፣ ለ14 ዓመቱ ግድ የለም።

«ጋሼ፣ እኔ ጀሞ ሁለት ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራኝ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ሆቴል ደስክ ላይ ያለችው ትንሿ ልጅ፣ ሜሊሳ፣ የተበታተነ ስዕል አላት። ቁርጥራጩን ሙሉውን ገጠምኩት። ጀርባው ላይ የሆነ ጽሑፍ እንዳለ ገብቶኛል። ግን አልገለበጥ አለኝ! ያልነካሁት ቁልፍ የለም። ማይኩ ላይ ሁሉ እፍ ብያለሁ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?»
የቸገረው፣ ከጀሞ

(እዚህ ቦታ ያልደረሳችሁ ይሄን መልስ ዝለሉት። በኋላ እንዳትወቅሱኝ።)

ወንድሜ፣ ማሽንህ ደህና ነው። እኔም ልክ አንተ ያለህበት ዘጠኝ ቀን ቆሜያለሁ። ዘጠኝ ቀን! ቴስተሬን አውጥቼ የስክሪኑን ፍላት (ጠፍጣፋውን ገመድ) ሳይቀር ለክቻለሁ። ባለሙያ ነኝ አይደል? ባለሙያ ሰው ነገር ሲያቅተው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዕቃውን ነው።

አንድ ማታ መብራት ሄደ። አባዶ ነው፣ ብርቅ አይደለም። እኔ ያንን የተገጣጠመ ስዕል ላይ አፍጥጫለሁ። ልጄ ሻማ ፍለጋ «አባዬ፣ ክብሪቱ የት ነው?» አለችኝ። ማሽኑን እጥፍ አድርጌ ከደንኩትና ተነሳሁ። ክብሪቱን አገኘን፣ ሻማው በራ፣ ቡና ተፈላ። ተመልሼ ስከፍተው ስዕሉ ተገልብጧል። ጽሑፉ ቁጭ ብሏል።

ገባህ? ስዕሉን መገልበጥ የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? በሌላ ሰሌዳ ላይ ደፍቶ ያዞረዋል። ማሽኑ ሁለት ስክሪን አለው። አንዱን በአንዱ ላይ ክደነው። ከዚያ ክፈተው። አለቀ።

ይሄ ለእኔ የጌሙ ትልቁ ነገር ነው። ሌላው ጌም ማሽኑን መያዣ ብቻ ያደርገዋል። እነዚህ የሲንግ ሰዎች ግን እጅህ ላይ ያለውን ዕቃ ራሱን አንድ መረጃ አድርገውታል። ከዚያ በፊት በ2005 እ.ኤ.አ. «አናዘር ኮድ» የሚባል ሌላ የመርማሪ ጌም ሠርተው ነበር። እሱም ውስጥ ማሽኑን በማጠፍ የሚፈታ ነገር አለ። የቱ ጋ እንደሆነ አልነግርህም፣ ዘጠኝ ቀንህን አልሰርቅህም።

ለማንኛውም አጥፈኸው ካልሠራ ያኔ ወደ እኔ ዓይነቱ ሰው ሂድ። ክዳኑ መዘጋቱን ማሽኑ የሚያውቀው በማግኔት ነው። ውስጡ ትንሽ ማግኔትና እሱን የሚያነብ ሴንሰር አለ። ቀላል መፈተኛ አለው። ጌሙ ሙዚቃ እያሰማ ክደነውና ጆሮህን አስጠጋ። ዲኤስ ሲከደን ይተኛል፣ ድምፁም ይጠፋል። ድምፁ ከቀጠለ ሴንሰሩ አላየውም ማለት ነው። ያገለገለ ማሽን ላይ ሰው ሽፋኑን ሲቀይር ማግኔቱን ረስቶት ይሆናል። አንድ ጊዜ አጋጥሞኛል። የረሳሁትም እኔው ነበርኩ።

ማጠፊያውን ደግሞ ቀስ በል። ዲኤስ ላይት በቀኝ በኩል ማጠፊያው ጋ ይሰነጠቃል፣ የታወቀ በሽታው ነው። ስንጥቁ ብቻውን አያስጨንቅም። ግን የላይኛው ስክሪን ፍላት የሚያልፈው በማጠፊያው ውስጥ ስለሆነ፣ ክዳኑ ከተንገዳገደ ፍላቱ ይበላል። ያኔ የላይኛው ስክሪን ነጭ ይሆንብሃል።

«ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣው ዲኤስ ላይት ቻርጀሩ ግድግዳ ላይ ሲሰካ ጢስ አወጣ። ማሽኑስ ተቃጥሏል? ሰበታ ውስጥም መርካቶም ቻርጀሩን አጣሁት።»
ከሰበታ

አይዞህ፣ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የተቃጠለው ቻርጀሩ ነው። የአሜሪካው ቻርጀር ጀርባው ላይ 120 ቮልት ይላል። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። የስልክ ቻርጀር ከመቶ እስከ ሁለት መቶ አርባ ስለሚቀበል ሰው ለምዷል፣ ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። እኔም አንዱን አቃጥያለሁ፣ በዚያ ላይ ደንበኛው ፊቴ ቆሞ። ሽታው ሱቁ ውስጥ ሁለት ቀን ቆየ።

ወደ ማሽኑ የሚገባው 5.2 ቮልት ነው። የስልክ ዩኤስቢ 5 ቮልት ስለሆነ ይሠራለታል። ስለዚህ ለዲኤስ ላይት ተብሎ የተሠራ የዩኤስቢ ኬብል ፈልግ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ እሱን አስመጣ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። በስልክህ ቻርጀርም በፓወር ባንክም ይሞላል። ስትገዛ ግን ስሙን አጥራ። የመጀመሪያው ዲኤስ፣ ዲኤስ ላይትና ዲኤስአይ ቀዳዳቸው አንድ አይደለም። «ያው ኔንቲንዶ ነው» ብሎ የሚሸጥልህን አትስማ።

መጀመሪያ ግን ባትሪውን እይ። ከኋላ አንዲት ቡለን ናት ያለችው። ባትሪው አብጦ ክዳኑን የገፋው ከሆነ አትሙላው፣ አውጥተህ ከቤት ውጪ አስቀምጠው። ደህና ከሆነ ይሄ ማሽን ለእኛ ሰፈር የተሠራ ነው የሚመስለው። ብርሃኑን ዝቅ ካደረግከው እንደ ፋብሪካው አባባል ከ15 እስከ 19 ሰዓት ይሄዳል። ያረጀ ባትሪ ግማሹን ይሰጥሃል። ግማሹም ቢሆን ማታ መብራት እስኪመጣ ይበቃል።

«ሆቴል ደስክን ጨረስኩት። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ የሚሞላልኝ ነገር አጣሁ። ቀጥሎ ምን ልጫወት? ካሴቱን የማስመጣው ከካናዳ ካለች አክስቴ ነው፣ ደጋግሜ ላስቸግራት አልችልም።»
መምህርት ነኝ፣ ከለገጣፎ

እህቴ መምህርት፣ ተከታዩ «ላስት ዊንዶው» ይባላል። ያው ካይል ሃይድ ነው፣ አሁን የሚኖርበት አፓርታማ ሊፈርስ ነው፣ ነዋሪው እየለቀቀ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ጃፓንና አውሮፓ ወጣ። አሜሪካም ካናዳም ውስጥ አልተሸጠም። ስለዚህ አክስትዎ ሱቅ ቢዞሩ ላያገኙት ይችላሉ፣ የአውሮፓውን ኮፒ ብለው ይጠይቁ። ማሽንዎ ላይ ይሠራል፣ የዲኤስ ካሴት አገር አይመርጥም። ጃፓንኛው ብቻ እንዳይላክብዎት። እዚያው ዓመት ሲንግ ከሰረና ተዘጋ። ዋጋውም የተሰቀለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስቸግሯቸው ከሆነ ግን እኔ ሌላውን ነው የምለው። «ፊኒክስ ራይት፦ ኤስ አተርኒ»። መርማሪም ጠበቃም ነው። ግማሹን የወንጀል ቦታ እየዞሩ መረጃ ይለቅማሉ፣ ግማሹን ፍርድ ቤት ቆመው ምስክር ያፋጥጣሉ። ሹ ታኩሚ የሚባል ጃፓናዊ ነው የጻፈው። ካፕኮም መጀመሪያ በ2001 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለጌም ቦይ አድቫንስ አወጣው። በእንግሊዝኛ የመጣው በ2005 በዲኤስ ነው፣ አንድ አዲስ የክስ መዝገብ ተጨምሮበት። ከሆቴል ደስክ ይፈጥናል፣ ያስቃልም። ምስክሩ የተናገረውን ቃል በቃል ያነባሉ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ከያዙት መረጃ ጋር ይጋጫል። እሱን ነቅሰው መረጃውን ፊቱ ላይ ያቀርባሉ። ከተሳሳቱ ዳኛው ይቀጣዎታል። የተማሪ ምክንያት ሲሰማ የኖረ መምህር ይሄን ጌም በሳምንት ይጨርሰዋል ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዋይ የምትለዋን ቁልፍ ይዘው ማይኩ ላይ «ኦብጀክሽን!» ብለው መጮህ ይቻላል። ጠበቃው ተቃውሞውን ያሰማል። እኔ ሱቅ ውስጥ ሞከርኩት። ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በአማርኛ «ተቃውሞ አለኝ!» ስለው ደግሞ አልገባውም። ኮንዶሚኒየም ከሆኑ ይቅርብዎት፣ ግድግዳው ሁሉን ያሰማል።

«ይሄን ሁሉ ዕቃ ከመፈለግ በስልኬ ላይ ባወርደውስ?»
ከቡራዩ

ሰው ያደርገዋል፣ አውቃለሁ። እንዳወርድልህ ግን አትላክብኝ፣ የሰው ሥራ ነው። ደግሞ ስልክህ አይታጠፍም። ያንን የጀሞውን ልጅ ችግር በምን ልትፈታው ነው? ለመገልበጡ አንድ ቁልፍ ይሰጡሃል፣ ትጫነዋለህ፣ አለቀ። ሻማ የለ፣ ክብሪት የለ።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም። ክፍል 215 ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ብራድሊስ ይገኛል? እባክዎ መጨረሻውን ብቻ ይንገሩኝ።»
ሹፌር ነኝ፣ ከካራ

አልነግርህም፣ ወንድሜ። ግን ካራና አባዶ ጎረቤት ነን። የእኔው ማሽን እሁድ እሁድ ሱቅ ውስጥ ሥራ ፈቶ ይውላል። ተራ ስትጠብቅ መጥተህ አንድ አንድ ምዕራፍ ተጫወት። የማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጻፍኩትን ግን እንዳታጠፋብኝ።